የድሬሰር ዘለቀ ለሆሳስ

ድሬሰር ዘለቀ ሁለት ጊዜ ሞቷል። የመጀመሪያው ሞት የቴሌፎን ስህተት ነበር። ከቢቸና ወደ ሞጣ በተዛወረ ሰሞን ቤተሰቡ በሰላም መግባቱን ቢያስጠይቅ፣ የሞጣው ስልከኛ «ዘለቀ ሞጣ አለ» ብሎ መለሰ። መስመሩ እንደ ልማዱ ይንኮሻኮሽ ነበርና የቢቸናው ስልከኛ «ዘለቀ ሞተ አለ» ብሎ ሰማ፤ የሰማውንም ሳያሳድር ለከተማው አደለ። ድንኳን ተጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። ሟቹ ረስቶት የሄደውን ካፖርት ሊወስድ በጭነት መኪና ሲመጣ የራሱ ድንኳን ደጁ ላይ ጠበቀው። ምንም ሳይል ገብቶ ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጠ። ንፍሮውን እየዘገነ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰና ማን ለወጉ ያህል እንደመጣ አንድ በአንድ ተመለከተ። ከዚያ ካፖርቱን አንጠልጥሎ ተነሣና «ደህና ነው፤ ለዋናውም እንዲሁ ካለቀሳችሁልኝ ቅር አይለኝም» ብሎ ተመልሶ ሄደ።

ዋናው በቀደም ለት ጥርት ባለ መስመር ተነገረኝ። የወንድሙ ልጅ ደውሎ «ጋሼ ዘለቀ ሞተ» ቢለኝ፣ «ሞጣ ነው እንጂ የት ይሄዳል!» አልኩት እየሳቅሁ። ልጁ ግን አልሳቀም። የገባኝ ያኔ ነው።

ዘለቀን ያወቅሁት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ቢቸና ጂኦግራፊ በማስተምርበት ጊዜ ነው። እሱ የከተማው ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። ዶክተር የሚባል ፍጡር ብቅ ብሎ የሚጠፋበት አገር ስለሆነ፣ ከቁስል አጣቢነት አንስቶ እስከ ስፔሻሊስትነት ያለውን ማዕረግ ሁሉ ዘለቀ ራሱ ለራሱ ሰጥቶ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ነገር ግን አንቱ ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ስለሚፈልግ ተውኩት። ነጭ ጋዋኑን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ከደረት ኪሱ ውስጥ የሙቀት መለኪያውና ማበጠሪያው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ትኩሳት ሊለካ ማበጠሪያውን አውጥቶ ያራግፍና፣ ስህተቱን ሲያውቅ ፀጉሩን አንድ ጊዜ አበጥሮ በክብር ይመልሰዋል።

ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት ነበር። ቅኔውን ጥሎ ወጣ እንጂ ቅኔው እሱን አልጣለውም። በሽተኛ የመጣበትን ተናግሮ ሲጨርስ ዘለቀ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እሺ፣ ይሄ ሰሙ ነው። ወርቁ የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ይል ነበር። ወገቤን ያለው ገበሬ ሲጎተጎት፣ በማግስቱ የመሬት ክርክር ተቀጥሮበት ፍርድ ቤት መቅረብ ፈርቶ ይሆናል። ልቤ ደከመ ያለችው ሴት፣ ሲደርሱባት፣ ያደከመቻት አማቷ ናት። ዘለቀ ለሰሙ ኪኒን ይሰጣል፤ ወርቁን ግን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ወረፋው እስከ መንገድ ይደርስ የነበረው ለኪኒኑ አይመስለኝም።

እንዲህ ሲኖር አንድ ቀን ማሽን መጣለት። ፈንጣጣ ሊከትቡ የመጡ ፈረንጆች ሲሄዱ መሸከሙ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ከቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር ትተውለት ሄዱ። አንዲት ሣጥን ናት፤ የምትዞር ቁልፍና ቀይ መብራት አላት። ከሣጥኗ በሽቦ የተያያዘው ነገር የቢሮ ማኅተም ይመስላል። የታመመውን መገጣጠሚያ ባዝሊን ቀብቶ በዚያ ማኅተም ማሸት ነው። መጽሐፉን እኔና እሱ መዝገበ ቃላት ይዘን አነበብነው። ማሽኗ ድምፅ ነው የምታወጣው፤ ድምፁ ከመቅጠኑ የተነሣ ግን የሰው ጆሮ አይሰማውም። ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጅማት ያሞቃል ይላል።

ይህን ለሌላ ከተማ ሰው ብትነግሩት ይስቅባችኋል። ቢቸና ግን የቅኔ አገር ነው። መጀመሪያ የታከሙት አንድ አሮጌ መሪጌታ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን።

«ድምፅ ነው አልከኝ። ምነው ታዲያ አይሰማኝ?» አሉ።

«የማይሰማ ድምፅ ነው፣ አባቴ» አለ ዘለቀ እየፈራ።

መሪጌታ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በለሆሳስ ነዋ! ቄሱስ ሲቀድስ የሚሰማውን ብቻ ነው እንዴ የሚጸልየው? ዋናውን እኮ በለሆሳስ ነው የሚለው» አሉ።

በቃ፣ የማሽኗ ስም ለሆሳስ ሆኖ ቀረ። «ዛሬ ለሆሳስ አለብኝ» ይባል ጀመር። ሰው ሊታከም ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማሽኗን የሚያሠራው ጄኔሬተር ከጓሮ ሆኖ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጥ ግን ማንም ከድምፅ አልቆጠረውም።

አሁን ወደ ዲሬክተራችን ወደ አቶ አስረስ ልምጣ። አቶ አስረስ ሥልጡን ሰው ነበሩ፤ ከረባት ያስራሉ፣ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ በየማለዳው ከባንዲራ በኋላ አርፋጆችን ይገርፋሉ። አገራረፋቸውም የቁጠባ ነበር። አለንጋውን ሰንዝረው ይመታሉ፤ ሲመልሱት ደግሞ በእጃቸው ጀርባ በኩል ይደግማሉ። ባዶውን የሚመለስ ምት አልነበራቸውም። ይህን ያህል የደከሙለት ክንድ አንድ ቀን ከዳቸውና ሻይ ብርጭቆ ማንሣት አቃታቸው። እኔው ራሴ ክሊኒክ ወሰድኳቸው።

ዘለቀ ወንበር አቀረበላቸው። ሊቀመጡ ሲሉ «አይደለም፣ መዳፍዎን ወደ መሬት አድርገው ወንበሩን ያንሡልኝ» አላቸው። ከመሬት ከፍ ሳያደርጉት ፊታቸው ጠቆረ። ከክርናቸው በውጭ በኩል ያለችውን አጥንት በአውራ ጣቱ ጫን ቢላት ከተቀመጥኩበት የሚያስነሣኝ ጩኸት ጮኹ።

«ይሄ ሰሙ ነው። በቀኝ እጅዎ አዘውትረው ምን ይሠራሉ?»

«እጽፋለሁ።»

«ወርቁን ነው የጠየቅሁዎ፣ ዲሬክተር።»

እኔን አዩኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ዘለቀ ክንድ የሚያስርበትን ጎማ አውጥቶ በእጃቸው አስጨበጣቸውና «እስቲ እንደሚያደርጉት ያድርጉት» አለ። ሰነዘሩ፤ ምንም አልሆኑም። ሲመልሱት «ወይኔ!» ብለው ጎማውን ጣሉት። ዘለቀ ቀጭኗን መጽሐፍ ገልጦ አንድ ሥዕል ፊታቸው ዘረጋ። ነጭ በነጭ የለበሰ ፈረንጅ መረብ ባለው ምንቸት ማማሰያ በመሰለ ነገር ኳስ ሲመታ ያሳያል፤ ምቱም በእጅ ጀርባ ነው።

«ተገኘ! የቴኒስ ክርን ይባላል» አለ።

«የምን ቴኒስ?»

«ታላላቆች የሚጫወቱት ጨዋታ ነዋ። በሽታውም የታላላቆች ነው። በቢቸና ምድር እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

የአቶ አስረስ ፊት በራ። በሽታ ሲነገረው እንዲህ ደስ ያለው ሰው ከዚያም ወዲህ አላየሁም። ትእዛዙም ተነገራቸው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ለሆሳስ መታሸት፣ እስኪሻላቸውም ድረስ «ራኬቱን» አለመንካት። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ስለ ቴኒስ አወቀ። ዲሬክተራችን አዲስ አበባ መምህራን ማሠልጠኛ ሳሉ ይጫወቱ ነበር ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ፈረንጆችን አሸንፈው ነበር ተባለ። አለንጋው ቢሯቸው ምስማር ላይ ተሰቀለ።

በዚያው ሰሞን አያ ስንሻው የሚባል ሸማኔ መጣ። ያችኑ ወንበር አነሣ፣ ያችኑ አጥንት ተነካ፣ ያንኑ ጮኸ። እሱ ግን መወርወሪያ ሲወረውር የሚውል ሰው ነበርና ቴኒስ አልተፈቀደለትም፤ «ክንዱን ነው» ተብሎ ታለፈ። በከተማችን ሰው ሁሉ የሸማኔ ሥራ ለብሶ ሸማኔን ይንቅ ነበር፤ በሽታው እንኳ ከዲሬክተሩ ጋር እኩል መጠራቱን የሚወድ አልነበረም።

የሸማኔው ልጅ ትርንጎ ተማሪዬ ናት። ካርታ ከሰጠኋት የትም አትጠፋም። የአባቷ ክንድ ከታመመ ወዲህ ግን በየማለዳው ማጉን ታጠነጥናለች፤ ከዚያ አልፋ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ገብታ እሷው ትወረውርለታለች። ስለዚህ ታረፍዳለች። አርፋጅ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው ተናግሬያለሁ። አለንጋው ከመሰቀሉ በፊት፣ ከመጨረሻው ግርፊያዋ በኋላ ክፍል ውስጥ ቀርታ «መምህር፣ ካሁን ወዲያ አንድ ጊዜ ከተገረፍኩ አልመጣም» አለችኝ። አላለቀሰችም። አጎቷም ባል አግኝቶላት ነበርና፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ከለቀቃት የሚቀበላት ቤት ተዘጋጅቷል። ለዘለቀ ይህን ነገርኩት።

ማበጠሪያውን አውጥቶ አራገፈና ወደ ኪሱ መለሰው። «እንግዲህ ወርቁ ተገኘ» አለ። «የአንዱ ክርን ቶሎ ይዳን። የሌላው ይቆይ።»

«እንዴት ይቆያል? ማሽኗ አንድ ናት።»

ወስዶ አሳየኝ። ቀይ መብራቷን አበራት፤ የኃይሉን ቁልፍ ግን ዜሮ ላይ ተወው። ማኅተሙን በመዳፌ ላይ አዞረው። ከዚያ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ ደገመልኝ። ሁለቱንም ጊዜ የተሰማኝ ባዝሊን ነው።

«ኃጢአት አይሆንም?» አልኩት።

«ቄሱ በለሆሳስ ያለውን አንተ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔም ምን እንዳልኩ የሚሰማኝ አንድ እግዚአብሔር ነው» አለኝ።

ማክሰኞ ዲሬክተሩ ከረባታቸውን ፈታ አድርገው ይታሻሉ፤ ቁልፉ ዜሮ ላይ ነው። «ይሰማኛል፣ ዘለቀ! ወደ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል! ኧረ ቀንስልኝ፣ በዛ!» ይላሉ። ዘለቀ በትሕትና ከዜሮ ላይ ይቀንስላቸዋል። ዓርብ ደግሞ አያ ስንሻው ይመጣል፤ ቁልፉ እስከ ጥግ ዞሯል። «እንዴት ነው፣ አያ ስንሻው?» ሲባል «ኧረ ምንም አይሰማኝ ጌታው፤ ብቻ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል።

ያ ጊዜ በትምህርት ቤታችን የሰላም ዘመን ነበር። ትርንጎ አርፍዳ ትመጣለች፤ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ትቀመጣለች፤ ካርታዋን ትዘረጋለች። ጣቷ ላይ የክር ብናኝ አለ። የዓባይን መንገድ ከጣና አንስታ ሳትሳሳት ስትከተለው አይቼ፣ ዓለም የሚተዳደረው ክሊኒካችን ውስጥ ባለችው ቁልፍ ነው ብዬ አመንኩ።

አንድ ረቡዕ ዘለቀ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ጋዋኑ እንኳ አልተቆለፈም።

«ዳነ» አለኝ።

«ተመስገን! አያ ስንሻው?»

«ምን አያ ስንሻው! እሱማ ብሶበታል፤ ዳቦ መቁረስ አልቻለም። ዲሬክተሩ ናቸው የዳኑት። ወንበሩን በአንድ እጃቸው አንሥተው እንደ ሕፃን አቀፉልኝ።»

ከዚያ ዘለቀ መሳቅ ጀመረ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ምን ብሰጣቸው ነው የዳኑት? ምንም! እሱ ነዋ መድኃኒቱ። እጃቸውን አሳረፍኩላቸው። ያ ምስኪን ግን ከለሆሳስ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ነው የሚገባው፤ ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ እሱ ይወረውራል። እኔ ሊቁ ያንን ላድን ይሄንን ላቆይ ስል፣ ያሳረፍኩት አልጋ ያለውን ነው!» አለ። ያን መጽሐፍ ያነበብነው ሁለት ሆነን ነው። ማሳረፍ የሚለውን ቃል ሁለታችንም አልፈነው ነበር፤ ከማሽን ጋር የመጣ መጽሐፍ ላይ ማን ዕረፍት ይፈልጋል?

አቶ አስረስ ምስጋናቸውን በአደባባይ ማቅረብ ፈለጉ። በማግስቱ ማለዳ ዘለቀ የክብር እንግዳ ሆኖ ከባንዲራው አጠገብ ወንበር ተሰጠው። ዲሬክተሩ ስለ ዘመናዊ ሕክምና ረጅም ንግግር አደረጉ። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክርናቸውን ለተማሪው ሁሉ አሳዩ። ከዚያ ሥራ በተግባር ይታያል ብለው አለንጋውን ከቢሯቸው አስመጡ።

የዚያን ቀን አርፋጆች ጥቂት ነበሩ። ከፊት የቆመችው ትርንጎ ናት። አለንጋውን አላየችም። የምታየው የግቢውን በር ነበር፤ ደብተሮቿንም ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ምን እያሰበች እንደሆነ የምናውቀው እኔና ዘለቀ ነን።

ዘለቀ ከወንበሩ ተነሣ። የጋዋኑን ቁልፍ ከአንገቱ ጀምሮ እየፈታ «ይቅርታ፣ ዲሬክተር» አለ። «ያልተሟላ ደንብ አለ። የዳነ ክርን መጀመሪያ የሚሞከረው በአዳኙ ጀርባ ላይ ነው። ከመጽሐፉ ላይ ሰፍሯል።»

መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልሰፈረበትም። አቶ አስረስ ግን ሥልጡን ሰው ናቸው፤ በሳይንስ ላይ እንዴት ይከራከራሉ? ተማሪው ሁሉ እያየ ነው። ዘለቀ ጋዋኑን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና በሸሚዙ ጀርባውን ሰጣቸው። ለደንቡ ያህል አንድ ሰነዘሩ፤ ቀላል ነበረች።

«ይሄ ሰሙ ነው» አለ ዘለቀ ሳይዞር። «መልሱስ?»

ከሰልፉ ሳቅ ፈነዳ። የዲሬክተሩ ጆሮ ቀላ። መልሱን ባላቸው ኃይል ሁሉ፣ በእጃቸው ጀርባ በኩል ለቀቁት። የአለንጋው ጩኸትና የዲሬክተሩ ጩኸት አንድ ላይ ተሰማ። አለንጋው አቧራው ላይ ወደቀ፤ አቶ አስረስ ክርናቸውን አቅፈው ቁጢጥ አሉ። የዘለቀ ሸሚዝ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ከሥሩ ደም ይወርድ ነበር። ጋዋኑን ለብሶ እስከ አንገቱ ቆለፈው፤ ጎንበስ ብሎ ያችን አጥንት በአውራ ጣቱ ጫን አላት።

«አገርሽቷል» አለ። «ማክሰኞ ይምጡ።»

እኔ እየሳቅሁ ነበር፤ ደሙን ሳይ ግን ተውኩት። ሰውን ያን ያህል ወድጄ አላውቅም። ትርንጎ ከበሩ ላይ ዓይኗን አንሥታ ቀስ ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ለዘለቀ ይህም አልበቃውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩን እየዘጋ አያ ስንሻው ቤት ይሄድ ጀመር። ሸማኔውን ጥግ አስቀምጦ «እጅህን ካነቃነቅህ ለሆሳስ ይሸሻል» ይለውና እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይወረውራል። የካህን ዘር፣ ነጭ ጋዋን ለባሽ፣ ሸማ ሲሠራ! እስከ ገበያ ቀን ሳይሰማ የቀረ ሰው አልነበረም። ሰላምታ የነሡት ነበሩ። የሠራው ጋቢ ባንድ በኩል ጠቦ በሌላው ሰፍቶ፣ መንገዱን የሳተ ነበርና ገዥ አጣ። ዘለቀ ለአቶ አስረስ ክርን ማሞቂያ ብሎ አዘዘላቸው። ከለሆሳስ ጋር የተሠራ ነው ስለተባሉ ደስ ብሏቸው ገዙት። የአያ ስንሻው ክንድ እያረፈ ዳነ። ትርንጎም ከዚያ ወዲያ በሰዓቱ መጣች ማለት እወድ ነበር፤ ነገር ግን ማርፈዱ ልማድ ሆኖባት ቀረ። የሚቆጣት አልነበረም፤ የቴኒስ ክርን ለማስታመም ዓመታት ይፈልጋል።

አቶ አስረስ በየስብሰባው የዘለቀን ስም ከማንሣት አልቦዘኑም። በዚህም ምክንያት ዘለቀ ባላዳነው ክርን ዕድገት አግኝቶ ወደ ሞጣ ተዛወረ። ለሆሳስ ቢቸና ቀረች። ተተኪው ድሬሰር ሐቀኛ ሰው ነበርና ለዲሬክተሩ ቁልፉን እስከ ጥግ አዞረላቸው። «አይ፣ እንደ ዘለቀ ወደ ውስጥ አይገባም» እያሉ ሲያማርሩ ኖሩ።

የቀበርነው እዚያው ሞጣ ነው። ብዙ ሰው ነበር፤ ብዙዎቹ ወርቃቸውን የነገሩት ሰዎች ይመስሉኛል፣ እርስ በርስ አይተያዩም ነበር። ካህናቱ ጨርሰው፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲያዘግም፣ ከባሕር ዳር ሚኒባስ ወርዳ የምትሮጥ ፀጉሯ የሸበተ ሴት አየሁ። ያን ሁሉ ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማረች መምህርት መሆኗን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በየማለዳው ደብተሮቿን ይዛ ትሮጥ እንደነበር አስታውሼ ደብተሩን ከእጇ ላይ ፈለግሁት። መቃብሩ ዘንድ ደርሳ ቆመች። እኔም ያው አሮጌ መምህር ነኝና፣ ሌላ ቃል አጣሁ።

«ትርንጎ፣ ዛሬም አረፈድሽ» አልኳት።

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። አፈሩን እያየች፣ በለሆሳስ፣

«ዛሬስ ማን ይገረፍልኝ?» አለች።